የዋይ አክሲስ አላርም 411 ጠዋት ጠዋት ብቻ፦ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ታዲያ ሰርቮው ምን ሆነ?

ቱሉዲምቱ_ሚሊንግ
ኅዳር 16፣ ማታ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን መሄጃው ላይ ትንሽ ወርክሾፕ አለን። የብሎኬት ማሽን ሻጋታ፣ የዘይት መጭመቂያ ዘንግ፣ የወፍጮ መለዋወጫ እንሠራለን። ሲኤንሲ ሚሊንጋችን (በኮምፒውተር እየታዘዘ ብረት የሚቆርጠው ማሽን) አንድ ብቻ ነው፣ ያገለገለ ነው የገዛነው። መቆጣጠሪያው፣ ማለትም የሚያዘው ኮምፒውተር፣ ፋኑክ የሚባለው ነው። እንጀራችን እሱ ላይ ስለሆነ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ኅዳር ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አላርም 411፣ ማለትም አክሲሱ ከትእዛዙ ከመጠን በላይ ኋላ ቀረ የሚለው፣ ይመጣል። ዋይ አክሲስ (ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደው እንቅስቃሴ) ላይ ብቻ። 2 ሰዓት ላይ እናስነሳዋለን፣ ወደ ዜሮ ነጥቡ በደህና ይሄዳል። ከዚያ በራፒድ፣ ማለትም ሳይቆርጥ በሙሉ ፍጥነት፣ ሲወረወር ቀጥ ይላል። አጥፍተን እናበራዋለን። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ያደርገናል። 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው።

አንድ ባለሙያ ጠርተን ነበር። ፓራሜትር 1828ን (አክሲሱ ስንት ኋላ ቢቀር አላርም ይምጣ የሚለውን ቁጥር) ከ10000 ወደ 20000 ከፍ አደረገው። አላርሙ ጠፋ፣ ሂሳቡን ከፍለን ሸኘነው። እኔ ግን ልቤ አልተቀመጠም። ክብ ነገር ዙሪያውን ከውጭ ስንቆርጥ ሁለት ቦታ ላይ እብጠት ይተዋል። ክቡን እንደ ሰዓት ፊት ብታዩት 12 እና 6 ላይ። በዓይን አይታይም። በጥፍር ስትዳስሱት ግን ይይዛችኋል። ደንበኛችን ኩሽኔታ ሊያስገባበት ሲል ነው ያወቀው።

ፍጥነቱን አይቻለሁ። ኤፍ 1500፣ ማለትም በደቂቃ 1500 ሚሊ ሜትር፣ ስለው 1500 ይሄዳል። ሰርቮው፣ ማለትም አክሲሱን የሚነዳው ሞተር፣ የታዘዘውን እየሄደ ነው ማለት ነው። ታዲያ ሰርቮው ምን ሆነ? ድራይቩን፣ ማለትም ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን፣ ልቀይር? ዋጋውን ጠይቄ ደንግጫለሁ።

ዱከም_ጥገና
ኅዳር 16፣ ማታ 3፡05

ወንድሜ፣ እኛም ጋ 411 አስቸግሮን ያውቃል። ድራይቩን ከመቀየርህ በፊት የቮልቴጁን ነገር እይ። ትራንስፎርመርህ ከ380 ወደ 200 ነው አይደል የሚያወርደው? ጠዋት ሁሉም ፋብሪካ አንድ ላይ ሲነሳ መስመሩ ይወርዳል። እሱ ካልሆነ ጌይኑን፣ ማለትም መቆጣጠሪያው ስህተትን ለማረም ምን ያህል እንደሚቸኩል የሚወስነውን 1825ን፣ ትንሽ ከፍ አድርገው። አክሲሱ ከትእዛዙ ኋላ የሚቀርበት ርቀት ይቀንሳል፣ አላርሙም ይርቅልሃል።

የድሮ_ቶርኖ
ኅዳር 17፣ ጠዋት 1፡10

ልጄ፣ መጀመሪያ 1828ን ወደ 10000 መልሰው። ዛሬውኑ። እስክትመልሰው ድረስም በራፒድ አትወርውረው።

ለምን 10000 እንደሆነ ልንገርህ፤ ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ማሽንህ ሲሄድ ሁልጊዜ ከትእዛዙ ትንሽ ኋላ ነው። የኋላ መቅረቱ ርቀት ፍጥነቱ ለጌይኑ ሲካፈል የሚመጣው ነው። 1825 ላይ 3000 ካለህ ጌይኑ በሰከንድ 30 ነው። ራፒድህ በደቂቃ 15 ሜትር ከሆነ በሰከንድ 250 ሚሊ ሜትር ነው። 250ን ለ30 ስታካፍለው 8.333 ሚሊ ይመጣል። መቆጣጠሪያው በማይክሮን ስለሚቆጥር 8333 ብሎ ያየዋል። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች በላዩ 20 በመቶ ጨምረው 10000 ላይ አጥር አጠሩ። አክሲሱ ከዚያ በላይ ኋላ ከቀረ የሆነ ነገር ይዞታል ማለት ነው፣ ስለዚህ አቁመው፣ ነው የሚለው ፓራሜትሩ። ያ ባለሙያ አጥሩን ነው የገፋው። የያዘው ነገር እዚያው አለ።

ዱከም ወንድሜ፣ ጌይን መጨመርም እንደዚያው ነው። አንደኛ፣ ኤክስ (ግራና ቀኝ የሚሄደው) እና ዋይ አንድ ዓይነት ጌይን ካልያዙ ክቡ ወደ እንቁላል ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ጌይን የሚጨመረው ጤነኛ ለሆነ ማሽን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ፍጥነቱ ልክ ነው አልክ። አምንሃለሁ። ግን ፍጥነቱ ልክ መሆኑ ምንም አይነግርህም። ሰርቮ ማለት ፍጥነቱን ልክ ለማድረግ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው። ሸክሙ ሲከብደው ፍጥነቱን አይቀንስም፣ ጉልበት ይጨምራል። በሬ አርሰህ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። መረሬ መሬት ላይ የገባ ጎበዝ በሬ እርምጃው አይቀንስም። እግሩን ብቻ ካየህ መሬቱ ልል መስሎህ ትመለሳለህ። ትንፋሹን ስትሰማ ነው ምን እየጎተተ እንደሆነ የሚገባህ። እግሩ ፍጥነት ነው። ትንፋሹ የሰርቮው አውትፑት፣ ማለትም የሚያወጣው ጉልበት፣ ነው። ሁለቱን አብረህ ካላየህ ማሽኑን አላየኸውም።

እንዲህ አድርግ። ፓራሜትር 3111 ላይ የመጨረሻውን ቢት፣ ማለትም ቢት 0ን፣ 1 አድርገው። የሰርቮ ገጽ ይከፈትልሃል። ለእያንዳንዱ አክሲስ የሎድ ከረንቱን (ሞተሩ የሚስበውን ኤሌክትሪክ) በመቶኛ፣ የሞተሩን ዙር፣ የፖዚሽን ስህተቱን (የኋላ መቅረቱን ርቀት) ያሳይሃል። ነገ ጠዋት ብረት ሳታስቆርጥ፣ በባዶ፣ በኤፍ 1500 ዋይን ወደፊትና ወደኋላ አመላልሰው። ኤክስንም እንዲሁ። ቁጥሩን ጻፍ። ከዚያ አንድ ሁለት ሰዓት ከሠራ በኋላ ደግመህ ጻፍ። አሁን ምንም አትፍታ።

አዲስ_ተማሪ
ኅዳር 17፣ ቀን 7፡30

ይቅርታ መሀል ስለገባሁ። እኔ አውቶሜሽን እየተማርኩ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ያለን መቆጣጠሪያ የሰርቮ አውትፑት የሚለው ከመቀነስ 10 እስከ 10 ቮልት ነው። ጋሼ የሚሉት ደግሞ መቶኛ ነው። አንድ ነገር ናቸው? ሌላም አለኝ። ሞተሩን ቀስ አድርጌ ሳዞር ፍጥነቱ ስክሪኑ ላይ ይዘላል። 30 ዙር አዝዤው አንዴ 22.5፣ አንዴ 37.5 ይለኛል። ሞተሩን በእጄ ስነካው ግን ለስላሳ ነው።

ሲግናል_ቂሊንጦ
ኅዳር 17፣ ማታ 1፡45

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። እኔም ተሳስቻለሁ፣ ስለዚህ በደንብ ልንገርህ።

ያ ቮልት ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው ድራይቩ የተቀመጠበት ሞድ ነው። ድራይቩ ፍጥነት ሞድ ላይ ከሆነ ቮልቱ ትእዛዝ ነው። 10 ቮልት 3000 ዙር ነው ብለህ ካስቀመጥከው 5 ቮልት 1500 ዙር ነው፣ አለቀ። ሸክም ቢጨምርም ባይጨምርም 5 ቮልት ነው። ድራይቩ ቶርክ (የመዞር ጉልበት) ሞድ ላይ ከሆነ ግን ያው ቮልት ጉልበት ነው። ሸክም ሲጨምር ይጨምራል። ስሙ አንድ ነው፣ ነገሩ ሁለት።

እኔ የምሠራው ማሸጊያ ማሽኖች ላይ ነው። ፕላስቲኩን የሚስበው ሮለር በሰርቮ ነው የሚዞረው። በፊት የነበርኩበት ፋብሪካ ውስጥ ፍጥነቱንና የመቆጣጠሪያውን አውትፑት ጎን ለጎን ስክሪን ላይ አውጥቼ፣ የሁለቱን መስመር በየቀኑ አይ ነበር። 1500 ዙር፣ 5 ቮልት። 1500 ዙር፣ 5 ቮልት። ሦስት ወር ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር። ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ማታ ፈረቃ ላይ ማሽኑ ሲነሳ ፍጥነቱ 1100 ላይ ቀረ፣ ቮልቱ ደግሞ ወደ 10 ወጣ። የሮለሩ ኩሽኔታ ተቃጥሎ ዘንጉን በልቶታል። ሽታው ከበር ይሰማ ነበር። ኩሽኔታው በአንድ ሌሊት አልሞተም። ሦስቱን ወር ሙሉ እየሞተ ነበር፣ እኔ ግን የማየው ቁጥር ጉልበት ሳይሆን ትእዛዝ ነበር። ፍጥነት ሞድ ላይ ቮልቱ ከፍጥነቱ የሚለየው ድራይቩ የከረንት ጣሪያውን ሲነካ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መሽቷል።

ከዚያ በኋላ የምሠራው እንዲህ ነው። አብዛኛው ድራይቭ ላይ የሞኒተር ፒን አለ፣ አንዱ ፍጥነት ሌላው ቶርክ ያወጣል። የቶርኩን ወደ ፒኤልሲው (የማሽኑ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) አናሎግ ግቤት አስገባዋለሁ። አሁን የማየው እሱን ነው።

ፍጥነት ሞድ ላይ ያለው ቮልት ግን ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሞተሩ ቆሞ ሳለ እየው። ዜሮ ሆኖ ሳለ አክሲሱ ቀስ እያለ ከሸሸ ኦፍሴት (ከዜሮ ያፈነገጠ ቮልት) አለ። 0.05 ቮልት በዚህ ስኬል 15 ዙር ነው፤ ትንሽ አይምሰልህ።

የሚዘለው ፍጥነት ደግሞ የኢንኮደር፣ ማለትም የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው መሣሪያ፣ ነገር ነው። ኢንኮደርህ 2000 መስመር ከሆነ በአራት ተባዝቶ በአንድ ዙር 8000 ይቆጥራል። መቆጣጠሪያው በየ1 ሚሊ ሰከንዱ ፍጥነት ካሰላ፣ አንድ ቁጥር ማለት በደቂቃ 7.5 ዙር ነው። 30 ዙር ላይ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 4 ቁጥር ነው የሚያልፈው። አንዴ 3፣ አንዴ 5 ሲያገኝ 22.5 እና 37.5 ይልሃል። ያንተው ቁጥር ቁልጭ ብሎ መጣ። ሞተሩ ጤነኛ ነው። የ20 ሚሊ ሰከንድ አማካይ ውሰድ፣ ደረጃው ወደ 0.375 ዙር ይወርዳል። ብቻ አማካዩን አታስረዝመው፤ ስታስረዝመው እውነተኛውንም መንቀጥቀጥ ይውጠዋል። በግማሽ ሰከንድ አንዴ በሚታደስ ስክሪን ሰርቮ አይመረመርም። የድራይቩን ትሬንድ (በጊዜ የሚሳለውን መስመር) ተጠቀም።

አዲስ_ተማሪ
ኅዳር 17፣ ማታ 2፡10

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ የላብራቶሪውን ድራይቭ ሞድ አያለሁ።

ቱሉዲምቱ_ሚሊንግ
ኅዳር 18፣ ቀን 8፡00

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። 1828ን መልሻለሁ። ራፒዱን 25 በመቶ ላይ አድርጌ ነው የሠራሁት፣ አላርም አልመጣም። ቁጥሮቹ እነሆ።

ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀዝቃዛ፣ ኤፍ 1500፣ በባዶ። ኤክስ በአንዱ አቅጣጫ 19 በመቶ፣ በሌላው 18። የፖዚሽን ስህተቱ 833 አካባቢ። ዋይ በአንዱ 54፣ በሌላው 47። የፖዚሽን ስህተቱ ያው 833 አካባቢ። የሁለቱም ሞተር 150 ዙር።

ረፋድ 5 ሰዓት። ኤክስ 15 እና 15። ዋይ 33 እና 29።

ልክ እንዳሉኝ ነው። እግሩ አንድ ነው፣ ትንፋሹ ግን ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህን ገጽ አራት ዓመት ሙሉ አለመክፈቴ ያንገበግበኛል።

ዱከም_ጥገና
ኅዳር 18፣ ቀን 9፡15

ጥሩ ማስረጃ ነው። የጌይኑን ሐሳብ ትቼዋለሁ፣ ጋሼ ልክ ናቸው። የቮልቴጁን ግን አልተውም፣ ለካው። ሌላም ነገር አለ። የድራይቭ ካታሎግ ላይ ያለው ከረንት ብዙ ጊዜ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ነው የሚሠራው። ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ቀንሱ ይላሉ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀቱን እንደሚገባ አይወስድም። እኛ እዚህ 2000 ሜትር አካባቢ ነን። 10 በመቶ ያህሉ ከመነሻው የለንም ማለት ነው። ማሽን ስንገዛ ይህን የሚነግረን ሰው የለም። የፓኔሉ ፋን ከቆመ ወይም ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ደግሞ ሌላ ይቀነሳል። የቱሉ ዲምቱን አቧራ አውቀዋለሁ።

ቱሉዲምቱ_ሚሊንግ
ኅዳር 18፣ ማታ 12፡40

ለካሁት። ከትራንስፎርመሩ በኋላ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 196 ቮልት ነው። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ ጎረቤታችን በር የሚበይዱት ሁሉም ማሽን ላይ ሲሆኑ፣ 183 ይወርዳል። የፓኔሉን ማጣሪያም አወጣሁት። ከግራጫ ስፖንጅ ወደ ቡናማ ምንጣፍ ተቀይሯል። አጥበን መለስነው።

የድሮ_ቶርኖ
ኅዳር 18፣ ማታ 2፡30

ዱከም ወንድሜ፣ ከፍታውን ያነሳኸው ተገቢ ነው፤ ማሽን ለሚገዛ ሰው ሁሉ ይነገር። ግን ልጄ የጻፈውን ቁጥር አንብብ። ቮልቴጁ የሚወርደው ከሰዓት ነው። አላርሙ የሚመጣው ጠዋት ነው፣ ቮልቴጁ ደህና ሲሆን። ከሰዓት 183 ላይ ሆኖ ማሽኑ ሰላም ውሎ ያድራል። ስለዚህ ሌባው ቮልቴጁ አይደለም። ከፍታውም ቢሆን ኤክስንና ዋይን እኩል ነው የሚነካው።

የሚቀረው መካኒኩ ነው። ሲሞቅ ይቀንሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል፣ አንድ አክሲስ ላይ ብቻ ነው። ኤፍ 1500 ላይ 54 በመቶ ለመንሸራተት ብቻ ከሄደ፣ በራፒድ ሲነሳ ለማፋጠን የሚያስፈልገው ጉልበት ሲጨመርበት ጣሪያውን ይነካል። ጣሪያ የነካ ሰርቮ ትእዛዙን መከተል አይችልም፣ ኋላ ይቀራል፣ 10000ን ያልፋል። አላርምህ ይኸው ነው። እብጠቱም ከዚሁ ነው። ክብ ስትቆርጥ ዋይ 12 እና 6 ላይ ቆሞ አቅጣጫ ይቀይራል። ፍሪክሽኑ (ሰበቃው) ሲበዛ ለመላቀቅ ጥቂት ይዘገያል፣ ኤክስ እሱን ሳይጠብቅ ይሄዳል። የቀረችው ብረት ጥፍርህን የያዘችው ናት።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። 54ቱ ዝም ብሎ 54 ነው ወይስ ይወዛወዛል? ቦል ስክሩህ (አክሲሱን የሚገፋው ጠምዛዛ ዘንግ) በአንድ ዙር 10 ሚሊ ከሄደ በኤፍ 1500 በሰከንድ ሁለት ዙር ተኩል ነው። ሎዱ በየ0.4 ሰከንዱ ከፍ ዝቅ ካለ ስክሩው ጎብጧል ወይ ካፕሊንጉ (ሞተሩንና ስክሩውን የሚያያይዘው) አልተመጣጠነም። ቦታ ጠብቆ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ወደ ኮለኑ (የማሽኑ ምሰሶ) ሲጠጋ ብቻ፣ ከፍ ካለ ፍቅፋቂ ገብቷል ወይ አንድ ጎን ተበልቷል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነ ዘይት እየደረሰው አይደለም፣ ወይ ማጥበቂያው ሽብልቅ ከመጠን በላይ ተጠብቋል።

ሲግናል_ቂሊንጦ
ኅዳር 18፣ ማታ 2፡55

ጋሼ ጨረሱት። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። ልትፈታው ስትነሳ ዋይን ብቻ ነው የምፈታው ብለህ ዜድን (ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን) አትርሳው። ሰርቮው ሲጠፋ ዜድን የሚይዘው የሞተሩ ብሬክ ብቻ ነው። ብሬክ ደግሞ ያረጃል። ከስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚይዘው ዘንግ) ሥር ወፍራም እንጨት ደግፍበት። እጅህን ከሥሩ ስታስገባ እንጨቱ ይኑር።

ቱሉዲምቱ_ሚሊንግ
ኅዳር 19፣ ጠዋት 3፡20

አይወዛወዝም። ከዳር እስከ ዳር 52፣ 53፣ 54 ነው። ዛሬ ሥራ አቁመን ሽፋኑን እንከፍታለን። እህቴ፣ እንጨቱን አስቀምጫለሁ።

ቱሉዲምቱ_ሚሊንግ
ኅዳር 21፣ ማታ 3፡00

ሁለት ቀን ፈጀብን። ያገኘነውን ልንገራችሁ።

የቴሌስኮፕ ሽፋኑን ስናወጣ የኤክስ መንሸራተቻ እርጥብ ነው። ጣት ስታሳርፍበት የዘይት ፊልም አለ። የዋይ ደረቅ ነው። ደረቅ ብቻ አይደለም፣ ጥቁር ማስቲሽ የመሰለ ነገር በጠርዙ ተጋግሯል። በካቻቢቴ ጫፍ ነው የፋቅነው። ወደ ዋይ የሚሄዱትን ሁለት የዘይት ቱቦዎች ነቅለን ፓምፑን በእጅ ጫንነው። ከሌሎቹ ቱቦዎች ጠብ ይላል። ከሁለቱ ምንም። አከፋፋዩ ቫልቭ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማጣሪያ ተደፍናለች።

ከዚያ የታንኩን ዘይት በብርጭቆ ቀድተን አየነው። ጠዋት ስለነበር እንደ ማር ይወርዳል። የሸጠልን ሰው ይህን ነው የሚጠጣው ብሎን ከገዛን ጀምሮ ስንሞላው የኖርነው የካምቢዮ ዘይት ነበር፣ ዘጠናው። ማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈችውን ሳህን በቤንዚን ጠርገን ስናነባት 68 ትላለች። ለካ ከሰዓት ሲሞቅ ትንሽ ይንጠባጠባል፣ ኅዳር ጠዋት ግን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ጨርሶ አያልፍም።

ታንኩን አጠብን፣ ቱቦዎቹን በአየር ነፋን፣ አከፋፋዩን ቀየርን፣ ትክክለኛውን የስላይድ ዘይት 68 ሞላን። ሽብልቁን አልነካንም፤ ልክ ነበር። ለግማሽ ቀን በዝግታ በባዶ አመላለስነው።

ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀዝቃዛ፣ ኤፍ 1500። ዋይ 23 እና 22። ረፋድ ላይ 17። የሞተሩ ዙር 150፣ ስህተቱ 833። ሁለቱ ቁጥሮች ከመጀመሪያውም አልተነቃነቁም። ራፒዱን ወደ 100 በመቶ መለስነው፣ 1828 በ10000 ላይ እንዳለ። አላርም የለም። ድራይቩ ጤነኛ ነው። ለመቀየር ልበደር የነበረው ገንዘብ ቀረልኝ።

እብጠቱ በጣም ቀንሷል፣ ግን ጨርሶ አልጠፋም። በጥፍር አይያዝም። በዳያል ጌጅ (ባለመርፌ መለኪያ) ሲታይ ትንሽ አለ።

የድሮ_ቶርኖ
ኅዳር 22፣ ጠዋት 1፡30

እሰይ ልጄ! እጅህ ይባረክ።

የቀረችውን እብጠት አሁን አትንካት። ደርቆ የኖረ መንሸራተቻ ዘይቱን እስኪጠጣ ሳምንት ስጠው። ከዚያ ጌጁን ጠረጴዛው ላይ ጣልና ዋይን በ0.01 ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ መልሰህ ግፋው። ትእዛዙ ሄዶ ጌጁ ሳይንቀሳቀስ የሚቀርበትን ርቀት ጻፍ። ያንን በባክላሽ (የልልነት ማካካሻ) ፓራሜትሩ እናየዋለን። ደርቆ ሳለ ብትለካው ኖሮ የውሸት ቁጥር ይሰጥህ ነበር።

ዛሬ የወሰድካቸውን ቁጥሮች፣ የዘይቱን ዓይነትና የጠዋቱን ሰዓት ጨምረህ፣ ወረቀት ላይ ጽፈህ የፓኔሉ በር ውስጥ ለጥፋቸው። በየወሩ መጀመሪያ ጠዋት ያንኑ ሙከራ ድገም። በዚያው ፍጥነት፣ በባዶ፣ ቀዝቃዛ ሳለ። ዋይ ከ23 ወደ 30 ከሄደ አላርም አትጠብቅ፣ ቱቦውን እይ።

ዱከም_ጥገና
ኅዳር 22፣ ጠዋት 4፡00

እኛም ዛሬ የአራቱን ማሽኖቻችንን ቁጥር ወሰድን። አንዱ ላይ ኤክስ 41 ይላል፣ ሁለት ማሽን አንድ ዓይነት ሆነው ሌላኛው 20 ነው። እሑድ እንከፍተዋለን። ይህን ውይይት ባላነብ ሲቆም ነበር የማውቀው።

ቱሉዲምቱ_ሚሊንግ
ኅዳር 23፣ ቀን 6፡15

ወረቀቱን ስሞላ ዜድ ላይ ደረስኩና ግራ ገባኝ። በኤፍ 1500 ሲወጣ 38 ነው፣ ሲወርድ 14 ነው። ልዩነቱ በጣም ብዙ ነው። ዋይ ላይ 54 እና 47 ሲሆን ነበር የደነገጥነው። ይህም ችግር ነው? ለመክፈት ልነሳ?

ሲግናል_ቂሊንጦ
ኅዳር 23፣ ቀን 7፡40

አትክፈተው። ዜድ ክብደት ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ማሽንህ ላይ ማመጣጠኛ ክብደት ከሌለ እንዲህ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ሲወጣ ሞተሩ ክብደቱንም ፍሪክሽኑንም ይገፋል። ሲወርድ ክብደቱ ራሱ ወደታች ስለሚጎትት ሞተሩ ይዞ ነው የሚያወርደው፣ ፍሪክሽኑ ደግሞ ያግዘዋል። ስለዚህ ሁለቱን ደምረህ ለሁለት ስታካፍል ክብደቱን ታገኛለህ፣ 26። ቀንሰህ ለሁለት ስታካፍል ፍሪክሽኑን ታገኛለህ፣ 12። ወረቀቱ ላይ 38 እና 14 ብቻ ሳይሆን 26 እና 12 ብለህም ጻፍ። ወደፊት 12ቱ ካደገ ዘይት ነው፣ ወይ ኩሽኔታ። 26ቱ ካደገ ስፒንድሉ ላይ ክብደት ጨምራችኋል።

ሰርቮው በርቶ ዜድ ቆሞ ሳለም አንድ ቁጥር ውሰድ። ከ14 እስከ 38 መካከል የትም ሊያርፍ ይችላል፣ ወጥቶ እንደቆመ ወይም ወርዶ እንደቆመ ይለያያል። ስለዚህ በየት በኩል መጥቶ እንደቆመ አብረህ ጻፍ፣ አለዚያ በሚቀጥለው ወር ማወዳደር አትችልም።

ቱሉዲምቱ_ሚሊንግ
ኅዳር 23፣ ቀን 8፡05

ወርዶ ሲቆም 20፣ ወጥቶ ሲቆም 31። ሁለቱንም ጽፌ ለጠፍኩት።